የመጀመሪያው ጥሪ፦ ከለንደን ጎዳና እስከ ኦታዋ ችሎት



አንድ ሰው ከማያውቃት ሴተኛ አዳሪ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ወይም በጽሑፍ ሲገናኝ የሚጠበቅበት የአነጋገር ወግ ከወዴት መጣ? ርእሱ ለአዳራሻችን እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ለማኅበራዊ ታሪክ ግን እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ወጉ የታወቀ ነው፤ ደዋዩ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ንግግሩን ያሳጥራል፣ ስለ ድርጊቱ በግልጽ አያነሣም፣ የተጠየቀውን ይመልሳል። ብዙዎች ይህን ጨዋነት ይሉታል። የእኔ ክርክር ግን ወጉ በይበልጥ የሕግ ልጅ ነው የሚል ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከለንደን እንነሣ። በጆን ዎልፈንደን የተመራው ኮሚቴ በ1957 ባቀረበው ዘገባ ሴተኛ አዳሪነት ራሱ ወንጀል ይሁን አላለም፤ ከሕዝብ ዓይን ይሰወር አለ እንጂ። በ1959 የወጣው የጎዳና ጥፋቶች ሕግ ይህንኑ ፈጸመ። ቀድሞ 40 ሽልንግ የነበረው ከፍተኛ መቀጮ ለመጀመሪያ ጥፋት 10 ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 25 ፓውንድ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ለሚፈጸመው ደግሞ እስከ 3 ወር እስራት ተጨመረ። ብዙ ሴቶች ጎዳናውን ለቀቁ፤ ሥራውን ግን አልለቀቁም። ፍሬድሪክ ሾው የተባለ ሰው ስማቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ሰብስቦ «የወይዛዝርት ማውጫ» በሚል ርእስ አሳተመ። በ1961 የጌቶች ምክር ቤት የሕዝብን ግብረ ገብ ለማበላሸት በማሤር የተላለፈበትን ፍርድ አጸና። ጌታ ሪድ ግን አዲስ ወንጀል መፍጠር የዳኞች ሥራ አይደለም ብለው ተለዩ፤ ዛሬም የሕግ ተማሪዎች የሚከራከሩበት ነጥብ ነው።

በዚህ ሽግግር የጠፋው ነገር ምንድን ነው? በጎዳና ላይ ሴቲቱ ሰውየውን ታየዋለች፤ ሰክሯል ወይስ አልሰከረም፣ ብቻውን ነው ወይስ መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው አለ። በስልክ ያላት ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ ማን እንደሆነና ከየት እንደሚደውል መጠየቅ ጋሻዋ ሆነ። ሕጉ በአንድ በኩል ዝምታን ሲያስተምር፣ ፍርሃቷ በሌላ በኩል ጥያቄን አስተማረ። ወጉ የተወለደው በእነዚህ መካከል ነው። ብሪታንያ በ2001 በሕዝብ ስልክ ሣጥኖች ውስጥ ማስታወቂያ ካርድ መለጠፍን ጭምር ወንጀል አደረገች።

ይህ የመጀመሪያ ንግግር በፍርድ ቤት የተመዘነው ግን በካናዳ ነው። በዚያ አገር አገልግሎቱን መሸጥ ወንጀል አልነበረም፤ ስለ እርሱ በአደባባይ መነጋገር ግን ወንጀል ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2013 በቤድፎርድ ጉዳይ ይህን ድንጋጌ ከሌሎች ሁለት ጋር በሙሉ ድምፅ ሻረ። የፍርዱ ጸሐፊ ዋና ዳኛ ቤቨርሊ ማክላክሊን፣ ፊት ለፊት መነጋገር ሴቲቱ ሰካራሙንና ጉልበተኛውን የምትለይበት መሣሪያ ነው አሉ። በ2007 ስድስት ሴቶችን በመግደል የተፈረደበትን ሮበርት ፒክተንንም አነሡ፤ እንዲህ ያለው ማጣራት አንዲት ሴት እንኳ ከመኪናው እንዳትገባ ቢያደርጋት ኖሮ የጉዳቱን ክብደት ለማስረዳት በቂ ነው ሲሉ።

ፓርላማው በ2014 የመለሰው መልስ ገዢውን ወንጀለኛ ማድረግ ነበር። ደጋፊዎቹ ፈላጊው ሲቀንስ ብዝበዛውም ይቀንሳል ይላሉ፤ በቀላሉ የሚናቅ ክርክር አይደለም። በስልኩ ጫፍ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ለመደበቅ ሕጋዊ ምክንያት ያገኘው ደዋዩ ነው።