ከመዶሻ እስከ ቶርኖ፦ አራዳ ለብረት ሠሪው ያለበት ዕዳ

አራዳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሲኒማውን፣ ኬክ ቤቱንና ወርቅ ቤቱን ነው። ብረት ሠሪውን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ሆኖም ከፒያሳ ሳይርቅ ያለው ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ይሠሩ ከነበሩ የእጅ ባለሙያዎች ነው።

በዚያ ዘመን ማረሻው፣ ማጭዱና ጦሩ ከብረት ሠሪ እጅ ይወጣል፤ እርሱ ግን «ቀጥቃጭ» ተብሎ ይሰደባል፣ «ቡዳ» ተብሎ ይፈራል፣ በጋብቻም ይገለላል። ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በፈለጉ ጊዜ ጋፋት ላይ ያሠሩት የአውሮፓ ሚስዮናውያንን ነበር። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል አምሳያው ዛሬ ከፒያሳ ቁልቁል በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የሚስዮናውያኑ ስም በመጻሕፍት ሰፍሯል፤ አብረዋቸው የደከሙት የአገሬው ሠራተኞች ስም ግን እምብዛም አይነሳም።

ምኒልክ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብን ከለከሉ። አዋጅ ግን አፍን ቢዘጋም ልብን አይለውጥም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ትልቁ ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ ተዛወረ፤ ለአራዳ የቀረላት «ፒያሳ» የሚለው ስም ነው። ጣሊያንኛው በሰፈር ስም ብቻ አላበቃም። ብዙ የብረት ሥራ ቤቶች ውስጥ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ትራፓኖ፣ ላሜራና ብሎን አለ፤ ሁሉም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። መዶሻ፣ ጉጠት፣ ወናፍና መስፍ ደግሞ የአገር ቃል ናቸው። ክብሩም በቃሉ ተከፈለ፦ ቶርኖ የያዘው «ቴክኒሻን» ሲባል፣ መዶሻ የያዘው «ቀጥቃጭ» እንደተባለ ቀረ።

ዕውቀቱ ግን አንድ ነው። ቢላዋ የሚሠራ ሰው ከፌሮ ይልቅ የመኪና ባሌስትራ ይመርጣል። ባሌስትራ ካርቦኑ ከፍ ያለ ስለሆነ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ተራ ፌሮ ያን ያህል አይጠነክርም። ከተነከረ በኋላ ደግሞ በመጠኑ መልሰው ካላሞቁት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ልኩ የሚታወቀው በቀለሙ ነው፤ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናል። ኮሌጅ ውስጥ ይህ «ሜታለርጂ» ይባላል፤ በወናፍ ዳር ሲሆን ስም የለውም።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ያዘነው ለሕንጻዎቹ ነው። ሕንጻ ቢያንስ በፎቶ ይቀራል። በዐይን ተለክቶ በእጅ የሚሠራ ሙያ ግን ከደንበኛውና ከተለማማጁ ከተለየ የሚያስቀረው ፎቶ የለም።

ለዚህ ሌላ አዋጅ አያስፈልግም። ልጁ ሞርሳ ላይ ብረት አስሮ ሲሞርድ ያየ አባት «ይልቅ ትምህርትህን ተማር» ከማለት «ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የ1900ው አዋጅ ዘግይቶም ቢሆን ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።