ጉዱማሌ የማን ነበር?

ሐዋሳ ኖሮ ጉዱማሌን የማያውቅ ወጣት ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፤ ወይ ከቤቱ የማይወጣ ነው። ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስ ሕዝቡ ቄጣላውን እየጨፈረ የሚሞላው፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ እኛ የመሃል ከተማ ልጆች ነፋስ ለመቀበል ወደ ሐይቁ ስንወርድ ጎራ የምንልበት ሜዳ ነው። ስሙን እንጠራዋለን እንጂ ምን ማለት እንደሆነ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ጉዱማሌ በሲዳምኛ የአንድ ቦታ ብቻ ስም አይደለም። ለመንደርተኛው ሁሉ የጋራ የሆነ ክፍት ሜዳ ነው። ከብት ይሰማራበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፣ በዓል ይከበርበታል። እኛ የምናውቀው እንግዲህ ከብዙዎቹ አንዱ መሆኑ ነው። የቀሩትስ ምን በላቸው?

ይህን ለመረዳት ከፒያሳ ራቅ ብሎ ወደ ደጋው መውጣት ያስፈልጋል፤ ወደ ሁላ ወይም ወደ አርቤጎና። እዚያ አንድ ገበሬ ሀብቱ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ በመጀመሪያ የሚያሳየው መሬት ሳይሆን ቤቱን የከበበውን እንሰት ነው። እንሰት እንደ ጤፍ በዓመት ተዘርቶ በዓመት የሚታጨድ አይደለም። ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለምግብ እስኪደርስ እንደ አየሩ ከ3 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ጓሮ ውስጥ የዘንድሮው ችግኝም፣ የዛሬ አራት ዓመት የሚበላውም፣ ዛሬ የሚፋቀውም አብረው ይቆማሉ። የባንክ ደብተር በሉት። መትከሉ የወንድ ሥራ ሲሆን መፋቁ የሴት ነው። ሴቶቹ ግንዱን በተጋደመ ሳንቃ ላይ ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከትፉታል፣ ከዚያም በቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ይቀብሩታል። ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ሲወጣ ሲዳማው ዋሳ የሚለው፣ እኛ ቆጮ የምንለው ምግብ ይሆናል። በ1977 ሰሜኑ በረሃብ ሲያልቅ የእንሰት አገር የተሻለ የቆየው በዚህ ጓሮ ነው።

ታዲያ እንሰቱ ያለ ከብት አይሆንም። ከብቶቹ ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ጠዋት እበቱ ይጠረግና በእንሰቱ ሥር ይደፋል። ማዳበሪያ የሚባል ነገር ሳይመጣ ያ ቁራጭ ጓሮ ትውልድ ከትውልድ ሳይደክም የኖረው በዚህ ነው። ከብቱ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ሣር የለውም። የሚግጠው ጉዱማሌ ላይ ነው። ሰንሰለቱን አስተውሉት፤ ሜዳው ከብቱን፣ ከብቱ እንሰቱን፣ እንሰቱ ሰውን ይይዛል። ሜዳውን የወሰደ ሰው ጓሮውን ሳይነካ ጓሮውን ወሰደ ማለት ነው።

በሲዳማ ባህል ቤተሰብ በግል የሚይዘው መሬት ኡቱዋ ይባላል፤ የጎሳው የጋራ የሆነው ደግሞ ዳናዋ። የወሰን ጠብ ሲነሳ ሶንጎ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ይቀመጥና ሐላሌውን፣ ማለትም እውነቱን፣ ያወጣል። ወረቀት የለም። ይህ ዓይነቱ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። ኢንዶኔዥያ፣ ምዕራብ ሱማትራ ውስጥ ሚናንግካባው የሚባሉት ሕዝቦች የዘር መሬታቸውን ከእናት ወደ ሴት ልጅ ያወርሳሉ፤ እንደ ዋዛ መሸጥም ነውር ነው። (የእኛው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚሄድ መሆኑን ስናስብ፣ እንሰቱን የምትፍቀው ማን ሆና ነው መሬቱ የእሱ የሆነው ብለን መጠየቃችን አልቀረም። ለዛሬ ይቆየን።)

የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ሲዳማን ሲይዝ ሌላ ዓይነት ሚዛን ይዞ መጣ። በመጀመሪያ የተቆጠረው መሬት ሳይሆን ሰው ነበር። ለወታደሩ እንደ ማዕረጉ ገባር ይመደብለታል፤ ገባሩም እህል ያስገባል፣ ማር ያቀርባል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል። ኋላ ቃላድ መጣ። መሬቱ በገመድ ይለካና በጋሻ ይቆጠራል፤ አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ግድም ነው። ከተለካው ሲሶው ለባላባቱ ሲቀር የተረፈው በመንግሥት እጅ ይገባል፤ ከዚያም ለሹም፣ ለወታደር፣ ለባለውለታ ይታደላል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የገባር ሥርዓት ቀረና ግብር በገንዘብ ሆነ። በ1937 በወጣው አዋጅ የተለካ አንድ ጋሻ ለም መሬት 50 ብር፣ ለም-ጠፍ 40 ብር፣ ጠፍ 15 ብር ይከፈልበት ጀመር። ቀላል የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የግብር ደረሰኝ ቀስ በቀስ የባለቤትነት ማስረጃ ሆነ። ደረሰኝ በሰው ስም ነው የሚቆረጠው። ጉዱማሌ ስሙ የማን ነው? የሁሉም። የሁሉም የሆነ ደግሞ በመዝገቡ ቋንቋ የማንም አይደለም።

ይህን ግምታችን አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። በ1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 በግልጽ አስቀምጦታል፤ በማንም ስም ያልተያዘ ንብረት፣ ደኑም፣ ሐይቁም፣ የግጦሽ መሬቱም ጭምር የመንግሥት ነው ይላል። እንዲህ ባለች አንዲት ዓረፍተ ነገር በአገሪቱ ያለ ጉዱማሌ ሁሉ፣ ላም የሚነዳው ልጅ ሳይሰማ፣ ባለቤቱን ቀየረ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ሐዋሳ ተቆረቆረች። የሲዳሞ አስተዳደር መቀመጫ ቀድሞ አገረ ሰላም፣ ኋላም ይርጋለም ነበር። አዲሷ ከተማ ያረፈችበት የሐይቁ ዳርቻ አዳሬ ይባላል፤ የከብት ግጦሽ ነበር። ጡረታ የወጡ ወታደሮች ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ነበሩ፤ መሬት ተሰጣቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት አሠሩ። መንገዱም ቀጥ ብሎ ተቀየሰ። ዛሬ ባጃጅ ይዘን ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ሽው የምንልበት ሰፊ ጎዳና የዚያ ቅየሳ ልጅ ነው፤ ውበቱን አንክድም። ከተማችንን እንወዳታለን። ከብቶቹ ወዴት እንደሄዱ መጠየቅ ግን ከተማን መጥላት አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኛው ከባለርስቱ ተላቀቀ፤ ይህ ለሲዳማ ገበሬ ትንሽ ነገር አልነበረም። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። ከአንድ ሄክታር በታች ላይ ለሚኖር የደጋ ሰው ይህ ጣሪያ ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነው። ዋናው ነገር ግን ሜዳውም፣ ጓሮውም፣ ኡቱዋውም በአንድ ላይ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት ተባለ። የጋራነቱ ከመንደሩ ወጥቶ አገር አከለ፤ አዛዡም ሶንጎው ሳይሆን የገበሬ ማኅበሩ ሆነ።

ኢሕአዴግም መጥቶ ነገሩን ብዙ አልለወጠውም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘት መብት በስም የተጠቀሰው ለአርብቶ አደሩ ነው። ከብቱን ለእንሰቱ ብሎ የሚያረባው ገበሬ እዚያ የለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በደቡብም የመሬት ደብተር መታደል ጀመረ፤ የባልና የሚስት ስም አብሮ ሰፈረበት። ለሴቶች እውነተኛ እርምጃ ነው፤ እናጨበጭባለን። የወል መሬቱስ? የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ መንግሥት የመሬቱ ባለቤት ስለሆነ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ሊያዞረው ይችላል ይል ነበር።

ኢንዶኔዥያውያን ተመሳሳይ ችግር ነበረባቸው፤ የአገሬው ሕዝብ በልማድ የያዘው ደን በሕግ የመንግሥት ደን ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው የልማድ ደን የመንግሥት ደን አይደለም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው መሬት ላይ እስኪወርድ ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ ቢያንስ ግን ጥያቄው ዳኛ ፊት ቀርቦ መልስ አገኘ።

እኛ ጋ ከተማዋ አሁንም እየሰፋች ነው። ሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የሐዋሳ አካል ቢሆንም በውስጡ የገጠር ቀበሌዎች አሉ፤ እንሰቱ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ቆሟል። መሬቱ ለከተማ ሲፈለግ ገበሬው የሚካሰው ለቤቱ፣ ለቡናውና ለእንሰቱ፣ ከዚያም ለመፈናቀሉ ነው። በ1997ቱ የካሳ አዋጅ ይህ የመፈናቀያ ክፍያ የዓመታዊ ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ በ2012 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ አደገ። ይኸው የ2012 አዋጅ ለወል መሬትም የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈል ደነገገ። አዳሬ በዚያን ጊዜ ከተማ ከሆነች 60 ዓመት ሞልቷት ነበር።