ስሙን የተነጠቀ ሌንስ

በእጄ ያለው አሮጌ የካሜራ ሌንስ ሙሉ ስም የለውም፤ በግንባሩ «የና» የሚል ቃልና «ቲ» የምትል ፊደል ብቻ ተቀርጸውበታል። ፊደሏ «ቴሳር» ማለት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ከካርል ዛይስ ቤት የወጣው ዝነኛ ሌንስ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ስትከፈል ዛይስም ተከፈለ፤ አንዱ በምሥራቅ የና፣ ሌላው በምዕራብ ኦበርኮኸን። ሁለቱ በስሙ ሲካሰሱ፣ የየናው ፋብሪካ ወደ ምዕራብ በሚልካቸው ሌንሶች ላይ የአያቱን ስም ማኖር ተሳነው።

ባለ ሦስት ጥርሱ መግጠሚያ ግን አይዋሽም፤ የድሬስደኑ ኤክሳክታ ነው። ከፊልሙ 44.7 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ተሠርቷል፤ በዛሬዎቹ የሶኒ መስተዋት አልባ ካሜራዎች ርቀቱ 18 ብቻ ነው። የቀረውን 26.7 አንዲት የብረት ቀለበት ትሞላዋለች። ስም የለሽ ብዬ ልንቀው አልደፍርም፤ ስሙን የወሰደበት የመንግሥታት ጠብ እንጂ የመስታወቱ ጉድለት አይደለምና።