ሊጡርጊያ

ቃሉ ግሪክኛ ነው። በጥንቷ አቴና ባለጸጋ በራሱ ወጪ ለሕዝብ የሚፈጽመው አገልግሎት፣ ለምሳሌ የጦር መርከብ ማስታጠቅ፣ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ክርስቲያኖች ለማኅበር አምልኮ ወሰዱት።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሊጡርጊያ ሲባል ከቅዳሴ ጋር ሌሎቹም ምሥጢራትና የሰዓታት ጸሎት ይገቡበታል። መቁጠሪያ ግን፣ ምእመናን ተሰብስበው ቢደግሙትም፣ ከዚህ ውጭ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሊጡርጊያ መላዋ ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ ጋር የምታቀርበው ጸሎት ነው።

ይህ ጸሎት የሚፈጸመው በአንድ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ከሰበታ ተነስቶ አዲስ አበባ ሄዶ የሚያስቀድስ ካቶሊክ የግእዙንም የላቲኑንም ሥርዓት ያገኛል። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የሊጡርጊያ ሰነድ ለሕጋዊ ሥርዓቶች ሁሉ እኩል ክብር ይሰጣል።

ሰነዱ ምእመናን በንቃት እንዲሳተፉም አጥብቆ ይጠይቃል። ስለዚህ ተሰጥኦውን ለመዘምራን ብቻ ትቶ ዝም ማለት ከሰነዱ መንፈስ ጋር አይስማማም።