የክኒኑ ሰዓት፦ የአልኮል ሱስ መድኃኒቶች ታሪክ ከኮፐንሀገን እስከ ሄልሲንኪ



የሕክምናን ታሪክ ስናስተምር አንድን መድኃኒት ማን እንዳገኘውና ከምን እንደተሠራ አዘውትረን እንጠይቃለን። መቼ መወሰድ እንዳለበት እንዴት እንደታወቀ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ዛሬ የማቀርበው የዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በኮፐንሀገን የንስ ሃልድ እና ኤሪክ ያኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በጎማ ፋብሪካዎች ይታወቅ የነበረውን ዳይሰልፊራም የተባለ ኬሚካል የአንጀት ትል ያስወጣ እንደሆነ ይመረምሩ ነበር። ኮሶ የሚጠጣበት አገር ልጆች ነንና ፍለጋው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ኮሶ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ እንደሚጠጣም እናቶቻችን ያውቁ ነበር። ሁለቱ ሰዎች መድኃኒቱን በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ከዚያ በኋላ አልኮል ሲጠጡ ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው በኃይል መታ፣ አቅለሸለሻቸው። ጉበት አልኮልን በመጀመሪያ ወደ አሴታልዲሃይድ፣ ቀጥሎም ወደ አሴቴት ይለውጣል። መድኃኒቱ ሁለተኛውን እርምጃ ስለሚያግድ አሴታልዲሃይድ በደም ውስጥ ይከማቻል። ግኝታቸው በ1948 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐኪሞች መድኃኒቱን በብዛት ከሰጡ በኋላ ሕመምተኛውን ሆን ብለው መጠጥ ያስቀምሱት ነበር፤ የሚደርስበትን አይቶ እንዲፈራ በማሰብ ነው። የሞቱ ሰዎች በመኖራቸው መጠኑ ተቀነሰ፤ ልማዱም ቀረ። ዛሬ ጸንቶ ያለው ደንብ ከዚህ ልምድ የተወረሰ ነው፦ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳያልፍ ክኒኑ አይወሰድም፤ ክኒኑ ከተቋረጠም በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ መጠጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ይህን ደንብ እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከ20 ዓመታት በፊት ታላቅ ወንድሜ በአረቄ ሱስ በተያዘ ጊዜ ይኸው ክኒን ታዘዘለት። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው «በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት» የሚል ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ በማለዳ ክኒኑን ዋጠ፤ ውኃውን ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ረፋዱ ላይ በጭንቅ ወደ ሐኪም ቤት አደረስነው። ሕይወቱ ተረፈ፤ ነገር ግን «መርዝ ሰጡኝ» ብሎ ዳግመኛ ሕክምና ሳይቀበል ኖሮ አረፈ።

ሁለተኛው ታሪክ ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው። ናልትሬክሶን አልኮል በአንጎል ውስጥ የሚቀሰቅሰውን የደስታ ስሜት የሚያደበዝዝ መድኃኒት ነው። በ1992 በአሜሪካ ሁለት ጥናቶች ውጤታማነቱን አሳዩ፤ በ1994 ለአልኮል ሱስ ሕክምና ተፈቀደ። የተለመደው አሰጣጥ በየቀኑ ሆኖ፣ ከመጠጥ መታቀብን የሚደግፍ ነበር። በሄልሲንኪ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ጆን ዴቪድ ሲንክሌር ግን በአይጦች ላይ ካደረገው ምርምር ተነሥቶ የተለየ ሐሳብ አቀረበ። በእርሱ አመለካከት መድኃኒቱ የሚሠራው ሰውየው መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ ሳለ ሲጠጣ ነው፤ ደስታ ያልተከተለው መጠጥ ልማዱን ቀስ በቀስ ያዳክመዋል። ስለዚህ ክኒኑ ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መወሰድ አለበት አለ። ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም። ሆኖም በ2013 በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደው ተመሳሳይ መድኃኒት፣ ናልሜፊን፣ የመጠጣት ስጋት ባለበት ቀን፣ ከሚጠበቀው መጠጥ ከ1 እስከ 2 ሰዓት አስቀድሞ እንዲወሰድ ታዟል።

በሦስተኛ ደረጃ አካምፕሮሴት አለ፤ እርሱ የሚጀመረው ሰውየው መጠጥ ካቆመ በኋላ ሲሆን በቀን ሦስት ጊዜ ይወሰዳል።

እንግዲህ ለአንድ ሕመም የተሠሩ ሦስት ክኒኖች፣ ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች አሏቸው። አንዱ ደሙ ከአልኮል እስኪጠራ ይጠብቃል፤ አንዱ ከመጠጡ ሊቀድም ይችላል፤ አንዱ የመጠጥ ማቆምን ተከትሎ ይመጣል። የአንዱን ሰዓት ለሌላው መስጠት ሕክምናውን ከንቱ፣ አንዳንዴም አደገኛ ያደርገዋል። ሕመምተኛው ሲከፋበት ጥፋቱን በመድኃኒቱ ወይም በራሱ ደካማነት ላይ ይጥላል። ወንድሜ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ ማዘዣ የምትጽፉ፣ መድኃኒት የምታድሉ ትኖራላችሁ። «ጠዋት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «ትናንት ማታ የጠጣኸው እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን ውኃ ለሚያቀብለውም ሰው አስረዱ።