ዜሮ ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ መንገድ መጠየቅ

ክፍለ ሀገር ሊወጣ የተዘጋጀ የአዲስ አበባ ባለመኪና ዘይቱን አይቶ፣ ጎማውን አስነፍቶ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። «የቱ ይሻላል?» ካርታውን ማለቱ ነው። ጉግል? ማፕስ ሚ? ወይስ ከውጭ የመጣ ዘመድ ጥሏት የሄደው፣ መስታወት ላይ የምትለጠፈዋ ጋርሚን? ጓደኞቹ ሁለት ጎራ ለይተው ይከራከሩለታል። አንደኛው «ጉግል ጎንደር ድረስ እጄን ይዞ አድርሶኛል» ይላል። ሌላው «እኔን ደግሞ የገበሬ ማሳ ውስጥ ከትቶኛል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የስልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስልክ ሻጮቹ መልሰውት ባረፍን ነበር። ጥያቄው ግን ከስልክም ከመኪናም በፊት የነበረ ነው። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ ማንን ይመን? ነገሩን ከፒያሳ መጀመር ይሻላል። ርቀትም የሚጀምረው ከዚያው ነውና።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 2016 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት፣ ገና ግንባታ ላይ ሳለ፣ የከተማው ሰው የሚያውቀው «ዓድዋ ዜሮ ዜሮ» በሚል ስም ነበር። ዜሮው የኪሎ ሜትር ዜሮ ነው። ወደ አራቱም ማዕዘን የሚወጡት የአገሪቱ መንገዶች መቆጠር የሚጀምሩት ከአራዳ ነው የሚል ሐሳብ ነው ስሙን የወለደው። እንግዲህ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ ደሴ 400 ግድም ነው ሲባሉ «ከየት?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ጊዮርጊስና የምኒልክ ሐውልት አካባቢ ነው።

አስቂኙ ነገር የአገሩ ሁሉ ርቀት የሚለካበት ሰፈር ራሱ በቁጥር አለመገኘቱ ነው። በቤት ቁጥር ፈልጎ ፒያሳ ላይ ሰው ያገኘ ካለ እጁን ያውጣ። ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ ወቅት የአዲስ አበባን ጎዳናዎች በአፍሪካ አገሮች ስም ሰይሞ ታፔላ አቁሞ ነበር። ካሜሩን ጎዳና፣ ጋቦን ጎዳና። ታክሲ ውስጥ «ካሜሩን ላይ ወራጅ አለ!» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። አራዳ የሚሄደው በምልክት ነው። ሰባ ደረጃ። ራስ መኮንን ድልድይ። ሠራተኛ ሰፈር። እሪ በከንቱ። ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ደግሞ ፍቅረኛሞች የሚቀጣጠሩበት የከተማው ትልቁ ምልክት ሆኖ ስንት ዓመት አገልግሏል!

ምልክት ከቤቱ ዕድሜ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ደጃች ውቤ ካለፉ ስንት ዘመናቸው፣ ሰፈራቸው ግን በስማቸው ሲጠራ ኖረ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለከተማው ጉድ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው። ያ ትውልድ አልፎም ስሙ አልቀረም። በምልክት የሚሄድ ሰው የሚፈልገው ቤቱ መኖሩን ሳይሆን ሁለታችንም ቤቱን ማወቃችንን ነው። ድሮ የነበረውን እኔም ካወቅሁት አንተም ካወቅከው ይበቃል።

ይህ አሠራር የሚፈርሰው አዋቂው ሲበተን ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፣ የእግረኛ መሄጃው አማረ፤ ይህን ማንም አይክድም። «ዶሮ ማነቂያን አለፍ ብለህ» ቢሉት የሚገባው ወጣት ቁጥር ግን በየዓመቱ መቀነሱ አይቀርም። ዳር ኮንዶሚኒየም የገባው የሰፈሩ ሰው ደግሞ አዲሱን ቤቱን ለዘመድ የሚያስረዳበት ምልክት ገና አላበጀም። የብሎክ ቁጥር ይናገራል፤ ዘመዱም ብሎኮቹን ሲዞር ይውላል።

ወደ ረጅሙ መንገድ እንመለስ። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ከማዛወሩ በፊት አራዳ የሲራራ ነጋዴ መድረሻ ነበረ። ቡናው፣ ቆዳው፣ ዝባዱ፣ አሞሌው በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ከየአገሩ ይገባ ነበር። ነጋዴው መንገዱን ያውቀዋል። አባቱም ሄዶበታል። ከፊቱ የሚመጣ ሌላ ነጋዴ ሲያገኝ ታዲያ «መንገዱ በየት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ወንዙ ሞልቷል ወይ? ሽፍታ አለ ወይ? ኬላው ስንት እያስከፈለ ነው? ሣር አለ ወይ?» ብሎ ነው። የአገራችን የመንገድ ጥያቄ ከጥንትም «የት ነው?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት ነው?» የሚለው ነበር። ይህን አንባቢ በኅሊናው ይያዝልኝ፤ ስልኩን የምንመዝነው በዚህ ነው።

መኪና ሲመጣም ነገሩ አልተለወጠም። ቤዴ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ግድም ሲድሌይ የተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ነው የቆመው፤ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ለመኪና የተሠራ መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል ያቺን ብረት ያሳለፋት ካርታ ነው ብሎ የሚያምን ካለ መኪና ገደል ውስጥ ቆማበት አያውቅም። ያሳለፋት አገሩን የሚያውቅ ሰውና የሰው ትከሻ ነው።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት መንገድ ዘረጋ፣ ጣርማ በርን ፈልፍሎ ዋሻ አበጀ፣ አራዳንም «ፒያሳ» የሚል ስም ትቶላት ሄደ። ከዚያ በኋላ የካርታ ዘመን መጣ። በ1 ለ50,000 መስፈርት የተሠሩት የመንግሥት ካርታዎች እስከዛሬ የሚያስመሰግኑ ናቸው። ድሮ ለመግዛት ደብዳቤ ማጻፍ ያስፈልግ ነበር እንጂ! መንገደኛ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጽፎ ካርታ ገዝቶ ይጓዛል ማለት ዘበት ስለሆነ፣ ካርታው መደርደሪያ ላይ፣ መንገደኛውም መንገድ ላይ ሆነው ተለያይተው ኖሩ።

በነዚህ ካርታዎች ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። የአገራችን ካርታ የኖረበት የልኬት መሠረት «አዲንዳን» ይባላል። ስሙ የመጣው ግብፅና ሱዳን ከሚዋሰኑበት፣ ከኑቢያ ዓባይ ዳር ካለ ሰፈር ነው። የኑቢያ ሰፈሮች በአስዋን ግድብ ውሃ ሲዋጡ አዲንዳንም አብሮ ተዋጠ። ስሙ ግን ካርታችን ግርጌ ላይ ተጽፎ ቀረ። ደጃች ውቤ ሰፈርን ይሏል ይኼ ነው! ጣጣው ደግሞ የዛሬው ጂፒኤስ በሌላ፣ ለዓለም ሁሉ በወጣ የልኬት መሠረት መሥራቱ ነው። ከስልክዎ ላይ ያነበቡትን ቁጥር ሳያስተካክሉ የድሮው ካርታ ላይ ቢያስቀምጡት ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። ምድረ በዳ ላይ 100 ሜትር ምንም አይደለም። ፒያሳ ላይ ግን ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር ነው።

ጂፒኤስ ራሱ የአሜሪካ ጦር ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ የደቡብ ኮሪያ መንገደኛ አውሮፕላን መስመሩን ስቶ ሶቭየት ኅብረት ሰማይ ገባና ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። ፕሬዚዳንት ሬጋን ያን ጊዜ ነው ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም ክፍት ይሆናል ያሉት። ክፍት የሆነውም ሆን ተብሎ ደብዘዝ ተደርጎ ነበር፤ እስከ 100 ሜትር ያሳስት ነበር። ድብዘዛው የተነሣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። ዛሬ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጥቂት ሜትር ድረስ የሚለየው ከዚያ ወዲህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ ስልኩ ይሰማል፣ አራቱን ከሰማ ቦታውን ያውቃል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሥዕሉን፣ ማለትም ካርታውን፣ ለማምጣት ነው። ዓባይ በረሃ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ የቆመበትን ያውቃል፤ የሚያሳይበት ወረቀት ነው ያጣው። ስለዚህ የጓደኞቻችን ክርክር ግማሹ እዚህ ያልቃል። ከቤት ሳይወጣ ካርታው ስልኩ ላይ የወረደለት ሰው ከማንኛውም ኩባንያ ደንበኛ ይበልጣል። ማፕስ ሚ ቢሆን፣ ጉግል ቢሆን፣ ጋርሚን ቢሆን።

በእኛ አገር ደግሞ ኔትወርክ የሚጠፋው በገደል ብቻ አይደለም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ግድም ተዘጋ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትግራይ ለረጅም ጊዜ ከመስመር ውጭ ሆነች። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። በቀጥታ መስመር ብቻ የሚሠራ መሪ ይዞ የወጣ ሰው፣ መሪው መሀል መንገድ ላይ በመንግሥት ትእዛዝ ድዳ ሊሆን ይችላል።

የቀረው ግማሽ የከበደው ነው። ካርታው ወርዶ፣ ሳተላይቱ ተሰምቶ፣ ስልኩ ቻርጅ ሞልቶ፣ ፒያሳን ለቀን በአዲሱ ገበያ በኩል ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ፍቼን ይዘን ወደ ጎጃም ወጣን እንበል። ስልኩ ሰማያዊ መስመር ዘርግቶ የምንደርስበትን ሰዓት በደቂቃ ቆጥሮ ይነግረናል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቁልቁለትና ዳገት 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከፊት ጭነት የያዘ ተሳቢ ካለ ግን የስልኩ ሰዓት ቀልድ ይሆናል። በደሴ መስመርም ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የፊት ለፊት መኪና መብራት እንኳ አይታይም። ይህን ካርታ አያውቅም፤ ሊያውቅም አልተሠራም።

ሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በዚሁ በጎጃም መስመር፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ፣ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ በርካታ መንገደኞች በታጣቂዎች ታግተው ተወሰዱ። አብዛኞቹ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ቤተሰብ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ሲለምን አገር ሰማ። ልጆቹ መንገድ አልጠፋባቸውም። የሄዱበት ጎዳና በየትኛውም ካርታ ላይ ትክክለኛው፣ አጭሩ፣ አስፋልቱ ጎዳና ነው። ያን ዕለት የትኛውም ስልክ «ዛሬ አትለፉ» አላለም።

ለዚህ ነው የረጅም መንገድ ሹፌሮች ስልካቸውን ከካርታ ይልቅ ለመደወል የሚጠቀሙበት። ሹፌር ከመነሣቱ በፊት ከወዲያ ማዶ ለሚመጣው ሹፌር ይደውላል። መሀል ላይ ቁርስ ቤት ያላትን ሴትዮ «እትዬ፣ ዛሬ እንዴት ናችሁ?» ይላታል፤ ሴትዮዋም የሰላምታውን ፍቺ ታውቀዋለች። «መኪና እያለፈ ነው» ካለች ያልፋል። «ከጠዋት ጀምሮ ጭር ብሏል» ካለች ያድራል። መንገድ ላይ ደግሞ ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ትራፊክ ፖሊስ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፣ ከብት ሊሆን ይችላል፣ ድንጋይ ተንዶ ሊሆን ይችላል። የሚያልፍ ሰው መስታወቱን ዝቅ ያደርግና ይጠይቃል። የሲራራ ነጋዴው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ወንዙ፣ ኬላው፣ ሽፍታው።

በርግጥ ሰውም ይስታል። የገጠር ሰው «እዚህችው ናት» ብሎ በከንፈሩ የጠቆማትን ቦታ ፍለጋ ግማሽ ቀን የነዳ ያውቀዋል። ርቀትን ለስልክ፣ ሁኔታን ለሰው መተው ነው ሥራው፤ ስልኩን ስለ ሰላም፣ ገበሬውን ስለ ኪሎ ሜትር የጠየቀ በሁለቱም ይጎዳል። ራይድ በ8294 ስልክ አስደውሎ የሰፈር ምልክት በቃል ሲቀበል የኖረው ያለ ነገር አይደለም። ከተማው በካርታ ብቻ እንደማይገኝ ቀድሞ ገብቶታል።

«የቱ ይሻላል?» ላለው ባለመኪና እንግዲህ እንዲህ እላለሁ። የፈለግኸውን ጫን፤ ግን ማታውኑ ቤትህ ቁጭ ብለህ የምታልፍባቸውን አካባቢዎች ካርታ በሙሉ አውርድ። የከተሞቹን ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞክር፤ አንዱ በሁለት ኤስ፣ ሌላው በዜድ ይጽፈዋልና «የለም» ሲልህ ቶሎ አትመን። የሚያልፉባቸውን ከተሞች በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ወረቀት ባትሪ አይጨርስም። ከዚያ ፍቼ አንድ፣ ጎሃ ጽዮን አንድ፣ ደጀን አንድ ሰው ፈልግ። ዘመድ ካጣህ የሆቴሉን ወይም የነዳጅ ማደያውን ቁጥር ያዝ። በተራው መስመር ደውል እንጂ በኢንተርኔት አትደውል። ጠዋት 12 ሰዓት ከጊዮርጊስ ስትነሣ የመጀመሪያው ጥሪ ለፍቼው ይሁን፤ እሱ ካላነሣ አዲሱ ገበያ ጋ ቆመህ ሻይ ጠጣና መልሰህ ሞክር።