«የካርቦሃይድሬት አምሮት» ምንድን ነው?

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች «ካርቦሃይድሬት ክሬቪንግ» የሚሉትን «የካርቦሃይድሬት አምሮት» ብለነዋል። ከረሃብ ይለያል። የተራበ ያገኘውን ይበላል፤ አምሮት የያዘው ግን ጠግቦም ዳቦውን፣ ብስኩቱን፣ ስኳር የበዛበትን ሻይ ለይቶ ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሲያምራት ከተማ ዞረን የምንፈልግላት ሰዎች፣ ወፍራም ሰው ሲያምረው «ሆዳም» ማለታችን ይገርመኛል።

ጉዳዩን በሰፊው ያስተዋወቁት በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ባልና ሚስት ሪቻርድና ጁዲት ወርትማን ናቸው። ስሜትንና ጥጋብን ከሚመሩት የአንጎል ኬሚካሎች አንዱ ሴሮቶኒን ነው። የሚሠራውም ትሪፕቶፋን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ትሪፕቶፋን ወደ አንጎል የሚገባው ከሌሎች አሚኖ አሲዶች ጋር እየተሻማ ነው። ካርቦሃይድሬት ሲበላ የሚመነጨው ኢንሱሊን ተሻሚዎቹን ወደ ጡንቻ ይነዳቸውና ለትሪፕቶፋን መንገድ ይለቃል፤ ሴሮቶኒንም ይጨምራል። ስለዚህ ሲከፋው ጣፋጭ የሚያምረው ሰው ሳያውቀው ራሱን እያከመ ነው አሉ ባልና ሚስቱ።

ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን ከምግቡ ጉልበት 5 በመቶ ያህሉ እንኳ ከፕሮቲን ከመጣ መንገዱ መልሶ ይዘጋል። ከወልቂጤ ወጣ ብላ ባለችው አጣጥ አካባቢ የሚቀርበውን ገበታ እንይ። ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለወርትማኖች ሐሳብ የተፈጠረ ይመስላል። ግን ማን ብቻውን ይበላዋል? ክትፎና አይብ ከጎኑ ሲቀርቡ ተሻሚዎቹ አሚኖ አሲዶች በብዛት ይመጣሉ። እንግዲህ የመስቀል ክትፎ ደስታ ሌላ ምንጭ ያሻዋል።

ዋናው ዶፓሚን ይመስለኛል። ዶፓሚን አንጎልን «ድገመው» የሚያሰኝ ኬሚካል ነው። በተለይ ስኳርና ስብ የተገናኙበትን ምግብ ደጋግመን ስንበላ፣ ቆይቶ ሽታው ወይም የሱቁ መስኮት ብቻ ፍላጎቱን ይቀሰቅሳል። ከዶፓሚን ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው ሌፕቲን ከስብ ሕዋሳት ወጥቶ ለአንጎል «በቃ» የሚል ሆርሞን ነው። በብዙ ወፍራም ሰዎች ደም ውስጥ ግን ሌፕቲን ሞልቶ ሳለ አንጎል መልእክቱን በሚገባ አይቀበልም። «ስንፍና ነው» የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ ይወድቃል።

አምሮት ከረሃብ እንደሚለይ ለጉራጌ አንባቢ ቅርቡ ማስረጃ ጫት ነው። በእርጥብ ቅጠሉ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን ከፍ አድርጎ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ቃሚው ምሳውን ይዘላል፤ ለስላሳውና ጣፋጩ ሻይ ግን ከአጠገቡ አይጠፋም። ረሃቡ ተኝቶ ስኳሩ ይገባል። «ጫት ያቀጥናል» የሚሉ ይህን ሒሳብ ውስጥ አያስገቡትም።

ሴሮቶኒንን በኪኒን ከፍ አድርጎ አምሮትን መግታትም ተሞክሯል። ዴክስፌንፍሉራሚን የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ተፈቅዶ፣ የልብ ቫልቭ እንደሚጎዳ ሲታወቅ በ1997 ከገበያ ወጣ። ስለዚህ ጓደኛዎ የሰጠዎትን የማቅጠኛ ኪኒን አይዋጡ። የመብላት ፍላጎትዎ የጨመረው ከውኃ ጥምና ከሽንት መመላለስ ጋር ከሆነ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ተቋም የደም ስኳርዎን ይለኩ።